ከከሰሉ ማማ ሥር

ጀርመን አገር ገብቼ በስሙ የለየሁት የመጀመሪያው ነገር አንድ የብረት ማማ ነው። ወደ ኤሰን ከተማ የመጣሁት በ1997 መከር ላይ ነበር (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እትዬ በነርስነት ትሠራ ነበር፤ ቤቷም ከከተማዋ በስተሰሜን ካተርንበርግ በሚባል ሰፈር ነው። ከማድ ቤቷ መስኮት ሆኖ ለሚያይ ከጡብ ቤቶቹ ጣሪያ በላይ እግሮቹን አንፈራጦ የቆመ፣ አናቱ ላይ ትልልቅ መዘውሮች የተሸከመ ማማ ይታያል። ምን እንደሆነ ስጠይቃት ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም፣ «ዞልፈራይን ነዋ! የከሰል ጉድጓድ ነበር። አሁን ሰው ሽርሽር ይሄድበታል» አለችኝ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ከዚራ ነው፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር ጋራዥ፣ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ነው። ማታ ማታ ቱታውን ሲያወልቅ ቤቱን የሚሞላው የግራሶና የብረት ሽታ ለእኔ የአባትነት ሽታ ነበር። ስለዚህ እትዬ «ጉድጓድ» እና «ሽርሽር» የሚሉትን ቃላት ባንድ ትንፋሽ ስትናገር ነገሩ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ካፖርቷን ተውሼ ወጣሁ።

መናፈሻ ሲባል እኔ የማውቀው የተከረከመ ሣር፣ አበባ፣ ምንጭ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች ነው። ያን ጠዋት ያየሁት ሌላ ነው። ጭጋግ ውስጥ የቆሙ ቀይ የጡብ ሕንፃዎች፣ በሕንፃዎቹ መካከል ሽቅብ የሚወጡ ዝግ የብረት ድልድዮች፣ ወደየትም የማይሄዱ ሐዲዶች። በሐዲዶቹ መካከል፣ ከአጋዳሚዎቹ ሥር፣ ግንዳቸው የነጣ ቀጫጭን ዛፎች በቅለዋል። የበርች ዛፍ መሆናቸውን በኋላ ነው የተማርኩት። ማንም አልተከላቸውም። ጉድጓዱ ሲዘጋና ፉርጎዎቹ መመላለስ ሲያቆሙ ነፋስ ያመጣው ዘር በጥቁሩ አፈር ላይ በቀለ፤ ቦታውን የሚጠብቁት ሰዎችም አልነቀሉትም፤ ሐዲዱንም አላነሡትም። አንዲት ሴት ጋሪ ውስጥ የተኛ ሕፃን እየገፋች በሐዲዱ ዳር አለፈች። አንድ ሽማግሌ ውሻውን ይዞ ቆሞ ማማውን ሽቅብ ያያል።

ያ ሽማግሌ ከእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖር ጎረቤታችን ሆኖ ተገኘ። ስሙን አልጽፍም፤ በሕይወት ሳለ ስሙ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። በልቤ «ጋሼ» ነበር የምለው፤ እዚህም እንደዚያው ልበለው። ጋሼ የተወለደው በ1933 ነው። በ15 ዓመቱ ጉድጓድ ገባ፣ ጉድጓዱ ሲዘጋ ጡረታ ወጣ። አያቶቹ ከምሥራቅ፣ ከማዙሪያ አካባቢ፣ ለከሰል ሥራ የመጡ ናቸው። ከቤቱ ጀርባ የርግቦች ቤት ነበረው፤ ኤሰን ባለችበት በሩር አካባቢ የጉድጓድ ሠራተኛ ርግብ ማሽቀዳደም የሚወድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አባቴ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። በተሰባበረ ጀርመንኛ ባቡር፣ ጋራዥ፣ ብረት አልኩት። አንዴ የጨበጠውን እጄን እንደገና ጨበጠ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ውሻውን ይዞ ሲወጣ በራችንን ያንኳኳ ነበር፣ «ግሉክ አውፍ!» እያለ፤ የጉድጓድ ሰዎች ሰላምታ ነው።

ጀርመንኛ የተማርኩት ግማሹን በትምህርት ቤት፣ ግማሹን በዞልፈራይን መንገዶች ላይ ነው። ጋሼ የሚያስተምረው እየጠቆመ ነበር። መዘውር፣ ገመድ፣ ማጠቢያ፣ ፈረቃ። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ፍራንስ ሃኒየል የሚባል ባለሀብት መሆኑን፣ ሥራው በ1847 ተጀምሮ ከሰል መውጣት የጀመረው በ1851 መሆኑን ከእርሱ ነው የሰማሁት። ትልቁ ማማ የቆመበት 12 ቁጥር ጉድጓድ ግን የኋላ ነው፤ ሥራ የጀመረው በ1932 ነው። ፍሪትስ ሹፕና ማርቲን ክሬመር የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ማማውን፣ የሞተር ቤቱን፣ የከሰል ማጠቢያውን፣ ሁሉንም እንደ አንድ ሕንፃ አድርገው፣ ግራና ቀኙን አመዛዝነው ነደፉት። የብረት ክፈፍ፣ በክፈፉ መካከል ቀይ ጡብ፣ ምንም ጌጥ የለም። ክሬመር በጦርነቱ መጨረሻ ዓመት በ1945 ሞተ፤ ሹፕ ብቻውን ቀርቶ ከጦርነቱ በኋላ የኮክ ፋብሪካውንም ነደፈ። ማማው 55 ሜትር ነው። በቀን 12,000 ቶን ከሰል ያወጣ ነበር፣ ሌሎች ጉድጓዶች ከሚያወጡት ሦስትና አራት እጥፍ። ሰዎች «በዓለም ላይ ውቡ የከሰል ጉድጓድ» ይሉታል።

ጋሼ ይህንን ሁሉ በኩራት ነግሮኝ ሲያበቃ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ እኔ ስለ ቦታው የማስበውን የለወጠው እሱ ነው። «በዚህ በሚያምረው ማማ እኔ ወርጄ አላውቅም» አለ። 12 ቁጥር ለከሰል ብቻ ነበር። ሰዎቹ የሚወርዱት ራቅ ብለው ባሉት አሮጌ ጉድጓዶች ነው። ከሰሉ ከየአቅጣጫው ከመሬት በታች ወደ 12 ቁጥር ይሰበሰባል፣ በውቡ ማማ ሽቅብ ይወጣል፤ ቆፋሪው ደግሞ በሌላ በር ይገባል፣ በሌላ በር ይወጣል። ጎብኚው ፎቶ የሚያነሣው ማማውን ነው። ጋሼ ግን ሁልጊዜ የሚወስደኝ ወደ አሮጌዎቹ ነበር።

ከአሮጌዎቹ ዘንድ የሠራተኞቹ መታጠቢያ ቤት አለ። ግድግዳው እስከ ላይ ድረስ በነጭ ሸክላ የተለበጠ ሰፊ አዳራሽ ነው። በሥራ ዘመኑ ከጣሪያው ብዙ ሰንሰለቶች ይወርዱ ነበር፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የቤት ልብሱን መንጠቆው ላይ ሰቅሎ፣ ሰንሰለቱን ስቦ ሽቅብ ይልከዋል፣ ይቆልፈዋል። ከፈረቃ ሲወጣ ሰንሰለቱን ይለቅና ንጹሕ ልብሱ ይወርድለታል። ልብሱ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ሰውየው ገና ታች ነው ማለት ነው። መታጠቢያው ውስጥ አንዱ የሌላውን ጀርባ ያሽ ነበር፤ ጥላሸት የተጣበቀበትን የገዛ ጀርባ ማን ይደርስበታል! ጋሼ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። ካቦውም ተራ ሠራተኛውም፣ ጀርመኑም ቱርኩም፣ ሁሉም ጀርባ ያሻል፣ ሁሉም ይታሻል። ያንን አዳራሽ ኋላ የውዝዋዜ ማዕከል አደረጉት። ልጆች በነጩ ግድግዳ መካከል ሲለማመዱ በመስታወት በር አሻግረን ያየናቸው ቀን ደስ የማይለው መስሎኝ ነበር። «ከሰውነት ጋር የሚሠራ ሥራ ነው» አለና ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ።

ዞልፈራይን የተዘጋው ታኅሣሥ 23 ቀን 1986 ነው፤ ለፈረንጆች ገና ሁለት ቀን ሲቀረው። በኤሰን ከተማ ከሰል ያወጣ የነበረ የመጨረሻው ጉድጓድ እሱ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ይፍረስ» ይል እንደነበር ጋሼ አልሸሸገኝም። ትዝታው ሁሉ ቂም ነበረበት፤ ሳምባ የበላ፣ ወንድም የበላ፣ በመጨረሻም ደመወዝ የነጠቀ ቦታ ነው። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ግን መሬቱን ገዛው፣ 12 ቁጥርንም በቅርስነት አስጠበቀው። የኮክ ፋብሪካው ዕጣ ይበልጥ ያስፈራ ነበር። ከሰሉ አየር በማይገባባቸው ምድጃዎች ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ በላይ እየጋለ ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ኮክ የሚደረግበት ግዙፍ ሥራ ነው፤ 304 ምድጃዎች ነበሩት፣ ጎን ለጎን ተደርድረው ዓይን እስኪያልቅበት የሚሄዱ። በ1993 ሲዘጋ ነቅሎ ለቻይና ለመሸጥ ሐሳብ ነበር፤ ሽያጩ ሳይሆን ቀረ። ከዚያም ለማፍረስ ታስቦ ነበር፤ እሱም ሳይሆን ቀረና በ2000 ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። እኔ ካተርንበርግ ስገባ ገና ምን እንደሚሆን አልታወቀም ነበር፤ ምድጃዎቹ ዝናብ እየወረደባቸው ዝም ብለው ቆመዋል። ያንን ዝምታ የድሬዳዋ ልጅ ሲያየው ምን እንደሚሰማው ለድሬዳዋ ሰው አልነግርም።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት የቱርክ እናት ይኖሩ ነበር። ባላቸው ጀርመንና ቱርክ በ1961 ባደረጉት የሠራተኛ ስምምነት ከመጡት አንዱ ናቸው፤ እሳቸውም ጉድጓድ ሠርተው እዚሁ ተቀብረዋል። እኚህ እናት ስለ ማሽን አያወሩም፣ የሚያወሩት ስለ ልብስ ነው። ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ሰጥቶ ነጭ አንሶላ መሰብሰብ እንደማይቻል፣ የነፋሱን አቅጣጫ ሳያዩ ልብስ የሚያጥብ ሴት እንዳልነበረ፣ መስኮት ላይ ዕለት ዕለት ጥቁር ዱቄት ይጠረግ እንደነበር። ቪሊ ብራንት በ1961 ምርጫ ዘመቻ «በሩር ላይ ያለው ሰማይ እንደገና ሰማያዊ ይሁን» ሲል የሳቁበት ሰዎች እንደነበሩ ጋሼም ይናገራል። ሰማዩ ግን ሰማያዊ ሆነ። እኔ ያየሁት ሰማያዊውን ነው፤ ጥቁሩን የማውቀው ከእነዚያ እናት አንሶላ ነው። የቅርስ መጽሐፍ ማማውንና አርክቴክቶቹን በሚገባ ይጽፋል፤ አንሶላውንም ቢጽፍ እወድ ነበር።

በ2001 በጋ የሆነው ነገር ሰፈሩን ሁሉ አስገረመ። ዲርክ ፓሽኬና ዳኒኤል ሚሎኒች የተባሉ ሁለት አርቲስቶች ሁለት የጭነት ኮንቴነሮችን ቆርጠውና በይደው፣ ውኃ ሞልተው፣ እኮክ ምድጃዎቹ ሥር የመዋኛ ገንዳ አደረጉት። ለአንድ የሥነ ጥበብ ዝግጅት የተሠራ ነበር፤ የካተርንበርግ ልጆች ግን ሥነ ጥበብ ነው ወይስ ገንዳ ብለው አልጠየቁም፤ ዘለው ገቡ። በየክረምቱ ደግሞ በምድጃዎቹ ጎን የበረዶ መንሸራተቻ ተከፈተ። የእኚያ እናት የልጅ ልጅ ዋና የተማረው እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው፤ አያቱ ሌሊት ሌሊት ከፈረቃ ይወጡበት ከነበረው በር በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚርቅ ቦታ። የአንድ ቦታ የቅርስነት ዋጋ ምንድነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የዚያን ልጅ ጩኸት አሰማው ነበር። ቦታው ለጎብኚ ከመድረሱ በፊት ለጎረቤቱ ደርሷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዩኔስኮ ዞልፈራይንን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጥግ ላይ ያለችው ኪዮስክ ውስጥ ሰዎች ዜናውን ሲያወሩ አስታውሳለሁ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ስለ ሄልሙት ራን ያወሩ ነበር። ራን በ1954 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሀንጋሪ ላይ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው የካተርንበርግ ልጅ ነው። ለሰፈሩ ሁለቱም፣ ጎሏም ማማውም፣ የቤት ናቸው።

ያልተነገረ ነገርም አለ። ማማው ከቆመ ብዙም ሳይቆይ ናዚዎች አገሪቱን ያዙ፤ በጦርነቱ ጊዜ በሩር ጉድጓዶች፣ በዞልፈራይንም፣ በግድ የመጡ የውጭ አገር ሰዎችና የጦር ምርኮኞች ከሰል ይቆፍሩ ነበር። ጋሼ ያኔ ሕፃን ነው። አንድ ቀን በዞልፈራይን ጫካ ውስጥ ስንሄድ፣ ምርኮኞቹ ተሰልፈው በመንገዳቸው ሲያልፉ ከመስኮት ያያቸው እንደነበር ነገረኝ፤ በጣም ቀጫጭኖች እንደነበሩ። ከዚያ ወዲህ አላነሣውም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ውብ የተባለ ማማ ይህንንም ተሸክሟል፤ ሳይነገር የሚታለፍ ከሆነ ቅርስነቱ ግማሽ ነው።

ያ ጫካ የድሮ የድንጋይ ክምር ነው። ከከሰሉ ጋር የወጣው ጥቅም የሌለው ድንጋይ እየተከመረ ኮረብታ ሆነ፣ ኮረብታውን ዛፍ ዋጠው። ውስጡ ኡልሪሽ ሩክሪም የተባለ ቀራጺ ያቆማቸው ግዙፍ የድንጋይ ሥራዎች አሉ። ድንጋዮቹ ላይ መሰንጠቂያው መሮ የተወው ጠባሳ ሳይጠፋ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አክሱም ዘንድ ካባው ላይ ተጀምረው የቀሩት ድንጋዮች ፎቶ ትዝ አለኝ፤ እዚያም የመሰንጠቂያው ቀዳዳዎች መስመር ሠርተው ይታያሉ። ጋሼ ስለ አክሱም ሳወራለት «ድንጋይ የሚፈነክት ሰው የትም አንድ ነው» አለኝ። ጥቁሩ አፈር ላይ ቢራቢሮ የሚወደው ወይን ጠጅ አበባ ያለው ቁጥቋጦ በበጋ ይፈነዳል፤ ዝናብ ያቆረባቸው ኩሬዎች ውስጥ እንቁራሪቶች ያድራሉ። የፓርኩን ንድፍ ኋላ ያወጡት ሰዎች መንገድና መቀመጫ ጨመሩ እንጂ ይህንን የዱር ነገር ለመናፈሻ ወግ ብለው አልገሩትም። ፍርዳቸው ትክክል ነበር እላለሁ። አበባ ተተክሎበት ቢሆን ኖሮ ሌላ ከተማ ውስጥ ያለ ሌላ መናፈሻ ይሆን ነበር።

ከመሬቱ በታች ያለው ግን አልተኛም። ቆፋሪዎቹ እስከ 1,000 ሜትር ገደማ ወርደው ከሰሉን ሲያወጡ ከላይ ያለው ምድር ተከትሎ ሰመጠ፤ በሩር አካባቢ ከ20 ሜትር በላይ የወረደ መሬት አለ። የእኛ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ሦስተኛ ፎቅ የሚሄድ ስንጥቅ ነበር፤ እትዬ በመጋረጃ ከልላው ትኖር ነበር። መሬቱ ስለሚሰምጥ የፍሳሽ ቧንቧ መቅበር አልተቻለም፤ ስለዚህ ኤምሸር የሚባለው ወንዝ ከመቶ ዓመት በላይ የከተሞቹ ሁሉ ክፍት ፍሳሽ ሆኖ ኖረ። ስደርስ ሽታውን ለይቼ አውቀው ነበር። ጉድጓዶቹ ሲዘጉና መሬቱ ሲረጋ ነው ቧንቧው የተቀበረው፤ ሥራው በ1990ዎቹ ተጀምሮ ኤምሸር ከፍሳሽ ነጻ የሆነው በ2021 መጨረሻ ነው፣ ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈጅቶ። ከተዘጉት ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃም ያለማቋረጥ መቀዳት አለበት፤ ካልተቀዳ የተቆፈረው ሁሉ ይሞላል። ጋሼ ፓምፖቹን ሲጠቅስ፣ «እኛ ሥራ አቁመናል፣ ጉድጓዱ ግን አላቆመም» ይል ነበር። ሰዎች በሰማያዊ ሰማይ ሥር ሲንሸራሸሩ እግራቸው ሥር ያለውን ዕዳ ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ያንን የሚያስታውስ መናፈሻ ነው የምወደው።

አባቴ በ2004 ሊጠይቀን መጣ። ከትዝታዬ ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ሳምንት ነው። አባባ የምድር ባቡር ሰው ስለሆነ ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ጋሼ ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አያውቅም። እኔ ላስተረጉም መካከላቸው ቆምኩ። ጋሼ ወደ ከሰል ማጠቢያው፣ ወደ ምድጃዎቹ ከዚያም ወደ አየር መጭመቂያው አዳራሽ ወሰደን፤ ያ አዳራሽ ምግብ ቤት ሆኗል፤ ማሽኖቹ ግን በጠረጴዛዎቹ መካከል እንደቆሙ ናቸው። አባባ ምግቡን ትቶ ተነሣ። መነጽሩን አጥልቆ ከአንዱ ማሽን ጎን ተንበረከከና በጣቱ ቧንቧውን እየተከተለ ሄደ፤ ጋሼም ከሌላኛው ጎን ተንበረከከ። አባባ በእጁ የሚዞር ነገር አሳየ፣ ጋሼ ራሱን ነቀነቀና በእጁ የሚገፋ ነገር አሳየ። አባባ «እህ!» አለ። እኔ ለማስተርጎም አፌን ስከፍት አባባ በእጁ ገታኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ያለ እኔ ተግባቡ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሽማግሌዎችና ውሻው በሐዲዱ መካከል ሲሄዱ ከማድ ቤት መስኮት እናያቸው ነበር። እትዬ ቡና አፍልታ ጋሼን ከእነ ውሻው ትጠራዋለች፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳይጨርስ መነሣት ነውር መሆኑን አባባ በእጁ አስረዳው፣ እርሱም ገባው።

ሊሄድ ሲል አባባ አንድ ነገር ተናገረ። «እኛ ዘንድ ቢሆን ላሜራውን ነቅለው ይሸጡት ነበር» አለ። ወዲያው ደግሞ «የኛዎቹም እኮ ቆመዋል» አለ፤ ስለ ድሬዳዋ ጋራዥ ማሽኖች ነበር የሚያወራው። ያኔ ባቡሩ እያነከሰ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን አቆመ።

ጥር 9 ቀን 2010 ኤሰንና የሩር ከተሞች የአውሮፓ የባህል መዲና የሆኑበት ዓመት በዞልፈራይን ተከፈተ። በረዶው እንዲያ ሲወርድ አይቼ አላውቅም፤ ከየአገሩ የመጡ ባለሥልጣናት ካፖርታቸው ነጭ ሆኖ ከማማው ሥር ቆመው ነበር። ከሰል ማጠቢያው የሩር ሙዚየም ሆነ፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ረጅሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ውስጡ እንደ ጋለ ብረት ብርቱካናማ ነው። ጋሼ 76 ዓመቱ ነበር፣ ሳምባው ደክሟል። ሙዚየሙ ውስጥ የራሱን ዓይነት መብራትና የራስ ቆብ በመስታወት ውስጥ ሲያይ ምን እንደተሰማው ጠየቅኩት። «መብራቱን በደንብ ወልውለውታል» አለ። «ግን ጥያቄ ያለው ሰው ካለ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ።» እውነትም ጥያቄ ያላቸው ነበሩ፤ በዞልፈራይን ጎብኚ ከሚያዞሩት መካከል የቀድሞ ሠራተኞች አሉበት፤ ጋሼም ከእነሱ ጋር በየአጋጣሚው እየቆመ ለትምህርት ቤት ልጆች ያወራ ነበር። አንዲት ልጅ ታች ጨለማው ያስፈራ እንደነበር ስትጠይቀው፣ «ጨለማው አይደለም፣ ዝምታው ነው፤ ድንጋዩ ዝም ሲል አድምጪ» ሲላት ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 21 ቀን 2018 የጀርመን የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፕሮስፐር ሃኒየል በጎረቤቷ ቦትሮፕ ከተማ ተዘጋ፤ የመጨረሻዋን የከሰል ቁራጭ ለፕሬዚዳንት ሽታይንማየር ሰጧቸው። ጋሼ ያን ቀን አላየም፤ ከዚያ በፊት ነው ያረፈው። አባባም ጥቂት ቆይቶ ተከተለው። ሁለቱ ከማሽኑ ጎን ተንበርክከው የተነጋገሩትን የጻፈ ሰው የለም፤ ድምፅ መቅጃ ይዤ አልነበርኩም፤ እጃቸው የተናገረውን ለመቅዳት ደግሞ እሱም አይበቃም ነበር። ጋሼ ለተማሪዎቹ ያወራው ግን ብዙ ጆሮ ውስጥ ገብቷል፤ ቦታው ስለቆመ፣ መቀመጫ ስላለው፣ በሩ ክፍት ስለሆነ። ዞልፈራይንን ከተዘጉት ብዙ ጉድጓዶች የሚለየው ለእኔ ይህ ነው። ማማውን ማዳን ገንዘብ ይፈልጋል፤ ማማው ሥር የሚያወራውን ሰው ለማዳን ግን ወንበር አቅርቦ መጠየቅ ይበቃ ነበር፣ የዞልፈራይን ሰዎችም አደረጉት።

ጀርመን ያላችሁ ወገኖች ወላጆቻችሁ ሊጠይቋችሁ ሲመጡ ከገበያ ማዕከሎቹ በፊት ወደዚያ ውሰዷቸው። ከኤሰን ዋናው ባቡር ጣቢያ 107 ቁጥር ትራም እበሩ ላይ ያወርዳችኋል፤ ግቢው መግቢያ አይከፈልበትም፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለሽማግሌ እግር አይከብድም። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ የምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖዎች አሁንም በቦታቸው ናቸው፤ እነሱን ያዞሩ አባቶች ግን እየቀነሱ ነው። ስልካችሁን ይዛችሁ፣ ወንበር አቅርባችሁ፣ እያንዳንዱ ማሽን ምን እንደሚሠራና ማን እንደሠራበት ጠይቋቸው። በዚህ ሳምንት ጠይቋቸው።